መስታወት ላይ እንዴት ይቆማል? ካልጋሪ ላለችው የአዳማ ልጅ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ሱቅ ዘግቼ ስገባ ነው ያየሁት። «ለትምህርት ከአዳማ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከመጣሁ አምስት ወሬ ነው። የክፍል ጓደኞቼ ስኖውቦርድ፣ ሁለቱን እግር ሰሌዳ ላይ አስሮ በረዶ ላይ መንሸራተት፣ አስጀመሩኝ። የመጀመሪያው ቀን በረዶው ለስላሳ ስለነበር ደስ ብሎኝ ዋልኩ። በሁለተኛው ግን መሬቱ መስታወት ሆኖ ጠበቀኝ። በተለይ ፊቴን ወደ ተራራው ሳዞር ቦርዱ ከሥሬ ይሸሻል። ጉልበቴም መቀመጫዬም በልዟል። ልተወው ወይስ ዘዴ አለው?» ነው ያልሽው። ከሥር ከጻፉት ግማሾቹ «አርፈሽ ተማሪ» ብለውሻል፤ የቀሩት ስቀውብሻል።

እኔ እዚያው ካልጋሪ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። አሁን እዚህ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ እሸጣለሁ። ቦርድ ላይ የወጣሁት በ38 ዓመቴ ነው፤ ያውም ወድጄ አይደለም። ልጄን ለስኖውቦርድ ትምህርቷ እያደረስኩ ሁለት ሰዓት ቆሜ ስጠብቅ ብርዱ ሊገድለኝ ሲል ነው። ስለዚህ የሚመልስልሽ አሠልጣኝ ሳይሆን ብዙ የወደቀ ሰው ነው። አትተይው፣ ዘዴ አለው።

መጀመሪያ የጣለሽን ነገር እንወቀው። እኛ ከሰማይ ለሚወርደውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ለሚጋገረውም፣ ክረምት ቆርቆሮ ለሚደበድበውም «በረዶ» ብለን እንገላገላለን። ቦርድ ላይ ስትወጪ ግን ልዩነታቸው የትየለሌ ነው። እኔ ለራሴ ዱቄትና መስታወት ብያቸዋለሁ። ዱቄቱ የቦርድሽን ጠርዝ ያስገባልሻል፣ ጥፋትሽንም ይሸፍንልሻል። መስታወቱ ምንም አይሸፍንልሽም።

ካልጋሪ ላይ መስታወቱን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ነፋስ ነው። ለአዳማ ልጅ ስለ ነፋስ አይወራም፤ ተርባይኖቹ ሲዞሩ እያየሽ ነው ያደግሽው። የእነሱ ግን ሌላ ነው፤ ቺኑክ ይሉታል። ከሮኪ ተራሮች ምዕራብ እርጥበቱን አራግፎ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወርድ እየሞቀ ይመጣል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሙቀቱን 20 ዲግሪ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሰው ጃኬቱን ያወልቃል፣ የበረዶው ላይኛው ክፍል ይቀልጣል። ማታ ብርዱ ሲመለስ ያ ውሃ ይጋገራል። በማግስቱ በእኛ 3 ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው መስታወቱን ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የክረምት ኦሎምፒክ የስኪ ዝላይ የተካሄደበት፣ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ያለው ኮረብታ ደግሞ በረዶው በአብዛኛው በማሽን የሚረጭ ስለሆነ ቶሎ ይጠጥራል። ጀማሪ ሁሉ የሚሄደው እዚያ ነው፤ አንቺም እዚያ ይመስለኛል የወደቅሽው። በነገራችን ላይ አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ነች፣ ካልጋሪ 1,045 አካባቢ። ከፍታ ብቻውን ቢያበርድ ኖሮ እኔ ዛሬ ሲሚንቶ ሳይሆን ስኪ አከራይ ነበርኩ።

እንግዲህ ቺኑክ ባለፈ ማግስት ጠዋት አትሂጂ። ከሄድሽም ረፋዱ 5 ሰዓት እስኪያልፍ ሻይሽን ጠጪ። ፀሐይ የሚያገኘው ቁልቁለት ቀድሞ ይላላል።

ቀጥሎ ጠርዙ። የቦርዱ ዳርና ዳር ላይ ቀጭን ብረት አለ አይደል? መስታወት ላይ የሚይዝሽ እሱ ብቻ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ክረምት ሙሉ ራሴን ስረግም የከረምኩት በኪራይ ቦርድ ነው። አንድ ቀን ልጄ ብረቱን በጥፍሯ ነካ አድርጋ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ማንኪያ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። የኪራይ ቦርድ ስንቱ ድንጋይ ላይ እንደጎተተው አይታወቅም። ስለዚህ ከመከራየትሽ በፊት የአውራ ጣትሽን ጥፍር በብረቱ ላይ አግድም ሳብ አድርጊ። ስለት ካለው ጥፍርሽን ይልጠዋል፣ ነጭ ብናኝ ይቀራል። ካላደረገው ሌላ ስጡኝ በይ። ይሉኝታ አይያዝሽ፤ የከፈልሽበት ነው። የራስሽን ስትገዢ ደግሞ ማስሞረድ ልመጂ። ለጠጣር በረዶ ብዙ ሰው የጎን ጠርዙን 88 ወይም 89 ዲግሪ ያስደርገዋል። አፍንጫውና ጭራው ላይ ብቻ ትንሽ ደነዝ ቢል አይጎዳም፤ እንዲያውም መንገድ ላይ አይነክስብሽም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይሽ። ፊትሽን ወደ ተራራው ስታዞሪ ቁልቁለቱ ከጀርባሽ ይሆናል። አታዪውም። ሰው የማያየውን ሲፈራ ወደ ፊቱ ይጎነበሳል፣ እጁን ወደ መሬት ይሰዳል፣ መቀመጫው ወደ ኋላ ይቀራል። እዚህ ላይ ክብደትሽ ከጠርዙ ወርዷል ማለት ነው። ዱቄት ላይ እንዲህ ሆነሽም ትተርፊያለሽ። መስታወት ላይ ቦርዱ ሹልክ ይልና በጉልበትሽ ትወርጂያለሽ። መድኃኒቱ ከወገብ አለመታጠፍ ነው። ከጉልበትና ከቁርጭምጭሚት ታጠፊ። ቅልጥምሽ የጫማውን ምላስ ይጫነው። ዳሌሽን ወደ ተራራው ግፊው፣ ደረትሽን ቀና አድርጊ። በጉልበቷ ተንበርክካ ቀጥ ብላ የምትጸልይ እናት አይተሻል? ልክ እንደዚያ። እኔ ይሄ እስኪገባኝ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ ልጄ ከኋላዬ «አባዬ፣ ዳሌ!» እያለች ስትጮህ ፈረንጁ ሁሉ ዞሮ ያየን ነበር።

ፊትሽን ወደ ቁልቁለቱ አድርገሽ በተረከዝ በኩል ስትሆኚ ችግሩ ሌላ ነው። ቦርዱ ኮብልስቶን ላይ እንደሚሄድ ባጃጅ ይንገጫገጫል፣ ከዚያ ያመልጥና መቀመጫሽን ይመታሻል። ያ የሚሆነው እግርሽ ሲገተርና መቀመጫሽ ከጠርዙ አልፎ ሲወጣ ነው። የቡና ዱካ ላይ ልትቀመጪ ግማሽ መንገድ እንደደረስሽ ሁኚ። ከዚያ በላይ አትውረጂ። የእግር ጣቶችሽን ጫማው ውስጥ ወደ ላይ ሳብ አድርጊ፣ ክብደትሽን ለሁለቱም እግር እኩል ስጪ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጀማሪን የሚጥለው ማብዛት ነው። ቦርዱ ሸርተት ሲል ውስጥሽ «ይበልጥ አጋድሚው፣ ያዢው» ይልሻል። አትስሚው። በጣም ሲጋደም ጠርዙ መያዙ ቀርቶ ይለቃል። የመጀመሪያው ዝናብ በወረደ ቀን፣ አስፋልቱ ላይ ዘይቱ ሲንሳፈፍ፣ ጎበዝ የባጃጅ ሹፌር ምን ያደርጋል? እዚያ ላይ ደርሶ ፍሬን አይዝም፣ መሪም አይነቀንቅም። ቀድሞ ያዘገማል፣ ቀጥ አድርጎ ያሳልፋል። አንቺም የሚያብረቀርቅ፣ ግራጫ ወይም ሰማያዊ የሚመስል ቦታ ከሩቅ ስታዪ፣ ሳትደርሺበት ፍጥነትሽን ጨርሺ። ላዩ ላይ ግን ምንም አዲስ ነገር አትሞክሪ። ጉልበትሽን አላልተሽ፣ የተራራው በኩል ጠርዝ በትንሹ ብቻ ነክቶ፣ ዝም ብለሽ እለፊ። ድምፁ ጣሳ በቢላ እንደመፋቅ ነው፤ አያስደንግጥሽ። መዞሩን ወዲያ ማዶ፣ ሌሎቹ እየገፉ ያከማቹት ለስላሳ በረዶ ላይ ታደርጊዋለሽ። ብዙውን ጊዜ ከመንገዱ ዳርና ዳር ይጠራቀማል።

«በትንሹ» ያልኩትን ግን «ጨርሶ ጠፍጣፋ» ብለሽ እንዳትተረጉሚው። ቦርዱ አግድም ሆኖ ጠፍጣፋ ከተኛ፣ የቁልቁለቱ በኩል ጠርዝ መሬት ይነክሳል። ያን ጊዜ መውደቅ አይባልም፤ መወርወር ነው።

ይሄን ሁሉ ቁልቁል እየበረርሽ አትማሪውም። አረንጓዴ ክብ ምልክት ያለበት ቀላል ቁልቁለት ላይ ሂጂና ቦርዱን አግድም አድርገሽ ወደ ታች በጎን ብቻ ተንሸራተቺ። ትንሽ ለቀቅ፣ ትንሽ ያዝ። ለቀቅ፣ ያዝ። በተረከዝ አሥር ጊዜ፣ ፊትሽን ወደ ተራራው አዙረሽ በጣት በኩል ሃያ ጊዜ። ያሰለቻል። እኔ አጠገቤ የአራት ዓመት ሕፃናት እያለፉኝ ነበር የምሠራው፤ ነገር ግን ከዚህ የበለጠ የጠቀመኝ ነገር የለም።

ስለ መውደቅ ደግሞ። በሁለተኛው ክረምቴ እጄን ዘርግቼ ወደቅኩና አንጓዬ ተሰነጠቀ። ስድስት ሳምንት በጄሶ፣ ያውም የመጋዘን ሥራ ላይ እያለሁ። ስኖውቦርድ ላይ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የእጅ አንጓ ነው። ስለዚህ ጣቶችሽን ጨብጪ፣ ወደ ፊት ስትወድቂ በክንድሽ ተቀበዪው። ወደ ኋላ ከሆነ አገጭሽን ደረትሽ ላይ አድርጊና እንደ ኳስ ተጠቅለዪ። የአንጓ መከላከያ ግዢ። ከሱሪ ሥር የሚለበስ ስፖንጅ ያለው ቁምጣም አለ፤ ማንም አያይብሽም። ያለ ሄልሜት ግን መስታወት ላይ እንዳትወጪ፣ በእናትሽ።

ለሳቃችሁት ደግሞ፦ ሮቤል ተክለማርያም የሚባል የአገራችን ልጅ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በክረምት ኦሎምፒክ በአገር አቋራጭ ስኪ ባንዲራችንን ይዞ ተወዳድሯል። የሷ ነገር አዲስ አይደለም።

ቦርዴን ስመለስ እዚያው ሸጥኩት። ሞረዱን ከነማዕዘን መያዣው ግን ለምን እንደሆነ እንጃ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼው መጣሁ። የራስሽን ቦርድ ስትገዢ ንገሪኝ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሲገኝ እልክልሻለሁ። አሁን ጎረቤቴ ያለው ሥጋ ቤት ቢላዋ ይስልበታል። እንዴት አድርጌ እንደማስመልሰው እንጃ።