ልቡ ላይ ድምፅ የተሰማበት ቡችላ ይወሰድ ወይስ ይቅር?

እህቴ፣ ልትወስጂው ያሰብሽው የ8 ሳምንት ቡችላ ሲመረመር ሐኪሙ «ልቡ ላይ ትርፍ ድምፅ አለ» እንዳለሽ፣ ልጆችሽ ደግሞ ከወዲሁ ስም እንዳወጡለት ጽፈሻል። ጭንቀትሽ ይገባኛል። ባለቤት እስኪያገኙ ድረስ ቡችሎችን ቤቴ እያቆየሁ ስለማሳድግ፣ እንዲህ ዓይነት ድምፅ ያለባቸውን አውቃለሁ። ድምፁን ብቻ ሰምተሽ አትወስኚ። መጀመሪያ ምክንያቱ ይታወቅ።

ሐኪሞች ድምፁን ከ1 እስከ 6 ደረጃ ያወጡለታል። 1 ወይም 2 ከሆነና ቡችላው በደንብ እየበላ የሚቦርቅ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ አራት አምስት ወር ሲሞላው ይጠፋል። እኔ ጋ ከቆዩት አንዷ ለክትባት በተመላለሰች ቁጥር ድምፁ እየቀነሰ ሄዶ ጭራሽ ጠፋላት። 3ና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ጊዜ ሳትሰጪ የልብ አልትራሳውንድ ይነሳ። ዝርያውንም ጠይቂ። ጎልደን ሪትሪቨር፣ ቦክሰርና ሮትዋይለር ላይ ደም ከልብ የሚወጣበት መንገድ የሚጠብበት በሽታ ይታያል። ቡችላ እያለ ድምፁ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል፣ ሲያድግ ግን አብሮ ይብሳል።

አሁን አብሮኝ ያለው ውሻዬ ድምፁ ከፍተኛ ነበር። መዳፌን ከግራ ክንዱ ኋላ ደረቱ ላይ ሳሳርፍ፣ ድመት ተመችቷት ስታንኮራፋ ዓይነት ንዝረት እጄን ይነካኝ ነበር። ከቡችሎቹ ሁሉ የቀጨጨው እሱ ነው፤ ትንሽ ሮጦ ቁጭ ይላል። በአልትራሳውንድ ሲታይ ምክንያቱ ተገኘ። ጽንስ እያለ ደም ሳንባን ዘሎ እንዲያልፍ የሚያደርግ የደም ሥር አለ፤ ከተወለደ በኋላ በቀናት ውስጥ መዘጋት ነበረበት፣ የሱ ሳይዘጋ ቀረ። እንዲሁ ከተተወ አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ልባቸው ደክሞ ይሞታሉ። በጊዜ ከተዘጋ ግን እንደማንኛውም ውሻ ይኖራሉ። ደረቱ ሳይከፈት፣ በኋላ እግሩ የደም ሥር በገባ ቀጭን ቱቦ ዘጉለት። ዛሬ ሩጫውን የምችለው አይደለሁም። በዘር የሚተላለፍ ስለሆነ ግን አላስወለድኩትም።

ያ ሁሉ ያስፈራኝ ድምፅ በአንድ ጊዜ ሕክምና የሚድን ሆኖ ተገኘ። ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው ሌላው ደግሞ ዕድሜ ልክ መድኃኒት ሊፈልግ ይችላል። ሐኪሙን በግልጽ ጠይቂው፦ አንዴ ታክሞ ይድናል ወይስ ዘላለም ክትትል ነው? ወጪው ስንት ነው? ስንት ዓመት ይኖራል ብለን እንጠብቅ? ከዚያ ከቤትሽ ጋር አስተያዪው። ክኒኑን በሰዓቱ የሚሰጠው ማነው? አንቺ ከሌለሽስ? ቅድም ያልኩሽ የደም መውጫው ጥበት ከባድ ከሆነ ውሻው በድንገት ሊሞት ይችላል፤ ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ እኔ በበኩሌ አልወስደውም። አሳዝኖሽ ብቻ ወስደሽ ማሳከም ካቃተሽ፣ የሚጎዳው እሱ ነው።

ከወሰድሽው ደግሞ እንቅልፍ ሲወስደው የደቂቃ ትንፋሹን መቁጠር ልመጂ። በተደጋጋሚ ከ30 ካለፈ፣ ካሳለ፣ ድዱ ከገረጣ ወይም ራሱን ስቶ ከወደቀ ወዲያው ሐኪም ጋ ውሰጂው።

ለጊዜው ባለቤቶቹ የአልትራሳውንዱ ውጤት እስኪመጣ እዚያው እናቱ ጋ እንዲያቆዩልሽ ለምኛቸው። የምርመራውን ወጪ ማን እንደሚችልም አሁኑኑ ተነጋገሩና በጽሑፍ ይሁን። ልጆቹም ውጤቱ እስኪታወቅ ባይመላለሱበት ይሻላል።