ከደሴ ስትመለሱ የዋጣችሁትን መድኃኒት ለሐኪም ንገሩ

ባለፈው ደሴ ቤተሰብ ልጠይቅ በገባሁ በሳምንቱ ድዴ አበጠ። ፒያሳ ካለ አንድ ፋርማሲ ያለ ማዘዣ ኦግመንቲን የሚባል አንቲባዮቲክ ገዛሁ። 7 ቀን ዋጥኩ፣ ተሻለኝ። ከኮምቦልቻ ተሳፍሬ ወደምኖርበት ውጭ ሀገር ተመለስኩ።

ተቅማጡ የጀመረኝ ከ3 ሳምንት በኋላ ነው። ውሃ የመሰለ፣ በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ። ትኩሳትና ቁርጠት አለው። እህቴ በስልክ «አብሽር፣ ቁርጥ ሥጋው ነው፤ አሜባ ይሆናል» አለችኝ። ሐኪሙም ኢትዮጵያ ነበርኩ ስለው ያሰበው ይህንኑ ነው። የድዴን መድኃኒት አላነሳሁለትም። ለሆድ ሕመም የድድ ነገር ምን ይሠራል ብዬ። በዚህ የተነሳ አንድ ሳምንት በከንቱ ተሰቃየሁ።

በሽታው ሲ ዲፍ ነበር፤ ሙሉ ስሙ ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል። ትልቁ አንጀታችን ውስጥ የሚጠቅሙን ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እነሱ እያሉ ሲ ዲፍ ቦታ አያገኝም። አንቲባዮቲክ ግን ድዱን ያሳበጠውን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ እነሱንም ይጠርጋቸዋል። ያኔ ሲ ዲፍ ይራባል፣ መርዙ አንጀትን ያቆስላል። ሲፕሮ፣ ክሊንዳማይሲን፣ የሴፍትሪያክሶን መርፌም ያመጡታል። መድኃኒቱ ካለቀ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ እንኳ ሊነሳ ይችላል። ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው።

ሐኪም የግድ ነው ብሎ ያዘዘውን አትውሰዱ ማለቴ አይደለም። ግን ሀገር ቤት የወሰዳችሁትን ሁሉ ፓኬቱን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ተቅማጥ ሲይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩት፤ ሲ ዲፍም እንዲመረመርላችሁ ጠይቁ። አሜባና ጃርዲያ የሚታይበት ተራ የሰገራ ምርመራ ይህን አያሳይም። ሐኪም ሳይፈቅድ ተቅማጥ ማቆሚያ አትውሰዱ።

እኔ የዳንኩት በሚዋጥ ቫንኮማይሲን ነው። ከ6 ታማሚ በአንዱ ላይ ያህል ስለሚመለስ፣ ዳንኩ ብላችሁ አትርሱት። ቤት ውስጥም እጅ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ አልኮል ይህን ተህዋስ አይገድለውም። ሽንት ቤቱ በበረኪና ይጽዳ።

የሚያንገበግበኝ ግን የእናቴ ነገር ነው። 72 ዓመቷ ነው። ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ላይ ደግሞ በሽታው ይበረታል። በሄድኩ ቁጥር «ለክፉ ቀን» እያልኩ አሞክሳሲሊን ትቼላት እመጣ ነበር። ደውዬ ስጠይቃት ጉንፋን በያዛት ቁጥር ስትወስደው ኖራለች። ለቡና ለሚመጡ ጎረቤቶችም አካፍላለች። የቀረውን እህቴ በማግስቱ ከቁም ሳጥኑ አውጥታ ወሰደችው።