መልስ፦ አንዱ ባህል ሌላውን ሳይውጥ አብሮ መሥራት ይቻላል?

ወዳጄ፣ «ዓለም አንድ መንደር ሆነች ሲባል ጉልበተኛው ባህል ደካማውን ይውጠዋል ማለት ነው ወይ?» ላልከው፣ ሁልጊዜ አይደለም ባይ ነኝ። አርባ ልጆችን ተመልከት።

ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲሄዱ፣ በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች በማርሽ ባንድ ተቀበሏቸው። በኦቶማን ቱርክ በአርመኖች ላይ ከተፈጸመው እልቂት የተረፉ ናቸው። ራስ ተፈሪ አርባዎቹን አዲስ አበባ አስመጧቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም አርመናዊ ነበር።

አሁን የሚገርመውን ስማ። የያኔውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ይኸው ኬቮርክ ነው! ግጥሙን የጻፈው ደግሞ የቅኔው ሰው ዮፍታሔ ንጉሤ። እኔ መጀመሪያ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዜማው የውጭ ሰው፣ ቃሉ የጎጃም ሰው፣ መዝሙሩ ግን የኢትዮጵያ።

የወንድሙ ልጅ ነርሲስም በኋላ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር የአማርኛ ዘፈኖችን ለባንድ አቀናበረ። የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ትዝታና ባቲ በትራምፔትና በሳክስፎን ቢታጀቡም ትዝታና ባቲ መሆናቸው አልቀረም።

እንደ እኔ ነገሩ የሠመረው አንዱ የጎደለውን ሌላው ስለያዘ ነው። አርመኖቹም ቤተ ክርስቲያናቸውንና ቋንቋቸውን አልተዉም። ፒያሳ አካባቢ ከሆንክ ቤተ ክርስቲያናቸው ዛሬም አለ፤ ጎራ በልና እየው።