«ቲቸር ትቀየመኛለች ብዬ ነው»

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል ማኅበራዊ ሳይንስ አስተምራለሁ። ወንጌል አማኝ ነኝ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልጆች አስተምራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ስለ አክሱም እየተማርን አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ኢዛና ለምን ሃይማኖቱን ቀየረ?» አለኝ። ከታሪኩ ነበር የጀመርኩት። ሳላስበው ወደ ራሴ ሕይወት ገባሁ። ጌታን እንዴት እንዳገኘሁ ነገርኳቸው። ልቤ ሞልቶ ነበር። መጨረሻ ላይ «አብሮኝ መጸለይ የሚፈልግ እጁን ያውጣ» አልኩ። ከጥቂቶች በቀር ሁሉም አወጡ።

በማግስቱ የአንዷ ተማሪዬ አያት መጡ። ሙስሊም ናቸው። አልጮሁብኝም። «ልጄ፣ እኔ ቀለም እንድታስቆጥሪልኝ ነው የሰጠሁሽ፤ ሃይማኖቷን እኔ አስተምራታለሁ» አሉኝ። እጇን ለምን እንዳወጣች ቤት ሲጠይቋት «ካላወጣሁ ቲቸር ትቀየመኛለች ብዬ ነው» ብላቸዋለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ዩኒት ሊደሩ በቃል አስጠንቅቆኛል፤ እሱን እችለዋለሁ። የጨነቀኝ ሌላ ነው። ዝም ካልኩ ጌታዬን መካድ አይሆንብኝም? መጽሐፉ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ይላል። ልጆቹ ራሳቸው ሲጠይቁኝስ ምን ልበል? ደግሞ እናቷ የታመመችባት ሌላ ተማሪ አለችኝ። «ቲቸር፣ ጸልዪልኝ» ትለኛለች። እሷንስ?

ጭንቅ የገባኝ መምህርት፣ ከቱሉ ዲምቱ

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም የልጅቷ ቃል ላይ ስደርስ አቆምኩ። ያቺ ልጅ ያን ቀን ስለ እግዚአብሔር አላሰበችም። ስለ አንቺ ነው ያሰበችው። ስለ ማርኳ፣ ስለ ፊትሽ፣ ነገ ክፍል ስትገቢ እንዴት እንደምታያት። እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ እንዲህ ባለ ፍርሃት የወጣ እጅ ጌታን ደስ ያሰኘዋል ብዬ አላምንም። አንቺም የማታምኚ ይመስለኛል፤ እንቅልፍ የነሳሽም እሱ ነው።

ክፍል ውስጥ ያለ ልጅ ተነስቶ መሄድ አይችልም። ቤተ ክርስቲያን የመጣ ሰው ስብከቱ ካልጣመው ይወጣል። ቡና ላይ ያገኘሽው የሥራ ባልደረባሽ «በቃ፣ ወሬ እንቀይር» ይልሻል። ስለዚህ ከባልደረቦችሽ ጋር በእረፍት ሰዓት ስለ እምነትሽ ማውራት ሌላ ነገር ነው፤ እኩያሞች ናችሁ። የ13 ዓመት ልጅ ግን ፈተናዋን የምታርሚላት አንቺ ነሽ።

ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 27 ደግሞ እምነትሽን የመያዝና የመግለጽ መብትሽን ያከብርልሻል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ወላጆችና አሳዳጊዎች ልጆቻቸውን በራሳቸው እምነት የማሳደግ መብት አላቸው ይላል። አያትየው ቁጥሩን ባይጠሩልሽም የነገሩሽ ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ መካዱ ልምጣ። የጠቀስሽው ቃል 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 ላይ ነው። እዚያው ላይ መልሱ በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን የሚልም አለ። ደግሞ የሚለው ለሚጠይቋችሁ ነው። ልጁ የጠየቀሽ ስለ ኢዛና ነበር፤ ስለ አንቺ አልጠየቀም።

ስለ አንቺ ከጠየቁሽ አትደብቂ። «ቲቸር፣ አንቺ ምንድን ነሽ?» ካሉሽ «ክርስቲያን ነኝ» በይና ወደ ትምህርቱ ተመለሺ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ኢየሱስ አምላክ ነው?» የሚል ጥያቄ ከመጣ ደግሞ «ክርስቲያኖች አምላክ ነው ብለው ያምናሉ፤ ሙስሊሞች ነቢዩ ዒሳ ነው ብለው ያምናሉ፤ የቀረውን ቤታችሁ ጠይቁ» ማለት ትችያለሽ። «ብለው ያምናሉ» የምትለዋን ቃል አትናቂያት። ክፍል ውስጥ ያለውን ልጅ ሁሉ ከነቤተሰቡ ታከብርልሻለች።

እናቷ የታመመችባትን ልጅ በተመለከተ፣ እባክሽ አትግፊያት። መጀመሪያ አድምጫት። «እሺ፣ ቤቴ ስገባ እጸልያለሁ» በያት፤ ደግሞ በእውነት ጸልዪ። በር ዘግተሽ እጅሽን ጭነሽባት ግን አትጸልዪ። ከዚያ የምታደርጊው ብዙ ነገር አለ። የቤት ሥራዋን ቀን አራዝሚላት። ቤት ማን እንደሚያበስል ጠይቂያት። ለዩኒት ሊደሩ ንገሪው።

አንድ ነገር ልጨምር። ነገ የማን በዓል እንደሆነ ሳታዪ ፈተና አታውጪ። በረመዳን ጾሞ የመጣውን ልጅም፣ በሁዳዴ ምገባው ላይ «ይሄን አልበላም» ያለችውንም እኩል ተረጂ። እምነትሽን ሳትናገሪ የምታሳዪበት ቦታ ይኸው ነው። ልጆች ደግሞ ያያሉ፤ እንዴት ያያሉ!

አሁን ምን ታድርጊ? አያትየው ዘንድ ሂጂ። ስልክ አትደውዪ፤ ቤታቸው ሂጂ። «እማማ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» በያቸው። ማብራሪያ አታብዢ። ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ ወላጅ መምህር ኅብረቱ (ወመህ) ድረስ ይሄዱ ነበር። ቀድመው ወደ አንቺ መምጣታቸው ለአንቺ ክብር ስላላቸው ነው።

ክፍል ስትገቢም «ያን ቀን አብራችሁኝ ጸልዩ ማለት አልነበረብኝም፤ እጁን ያወጣም ያላወጣም እኔ ዘንድ እኩል ነው» በያቸው። ሳታንገራግሪ፣ ባጭሩ። ያላወጡት ልጆች ይህን ከአፍሽ መስማት አለባቸው። እነሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊትሽን እያዩ ነው።

ከዚያ የልጁን ጥያቄ መልሽለት፤ ገና አልተመለሰለትም። ጥያቄው ደግሞ ግሩም ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ሳንቲም ሳዪ። ኢዛና ከመጠመቁ በፊት ያስቀረጸው ላይ ግማሽ ጨረቃና ክብ አለ፤ ከተጠመቀ በኋላ ያስቀረጸው ላይ መስቀል አለ። ጨረቃዋን ሲያዩ «እስልምና ነበር ማለት ነው?» የሚል አይጠፋም። ኢዛና የነገሠው በ4ኛው መቶ ዘመን ነው፤ እስልምና የመጣው በ7ኛው ነው፤ ጨረቃዋ የጥንቱ የአክሱም አምልኮ ምልክት ናት። ከጢሮስ መጥቶ ቤተ መንግሥት ውስጥ ስላደገው ፍሬምናጦስ ንገሪያቸው፤ በአዱሊስ በኩል ከሮም ግዛት ጋር ስለነበረው ንግድም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በ615 እ.ኤ.አ. የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው ሲመጡ የተቀበላቸውን ክርስቲያን ንጉሥ ታነሺያለሽ። እሱ ጋ ስትደርሺ የአያትየው የልጅ ልጅ ሳትፈራ እጇን ታወጣ ይሆናል።