ስክሪፕቱ የት ቆሞ ነው የሚሠራው?

ሊኑክስ ላይ ሰርቪስን ከጀርባ ስለሚያስነሱ የሼል ስክሪፕቶች (ትእዛዞች በተርታ የተጻፉባቸው ፋይሎች) ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ። አራቱም የፎልደር ፓዝ፣ ማለትም የፎልደርና የፋይል አድራሻ፣ ጣጣ ናቸው።

ስክሪፕቴን ተርሚናል ላይ ሳስነሳው ሰርቪሱ ያለችግር ይሠራል። በሲስተምዲ (ሰርቪሶችን በሚያስነሳው የሊኑክስ ፕሮግራም) ሲነሳ ግን «ኮንፊግ ፋይሉ የለም» ብሎ ይቆማል። ፋይሉ ቦታው ላይ አለ!

ስክሪፕቱ ውስጥ ፓዙን ከ«/» ሳይጀምሩ ነው የጻፉት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፓዝ የሚቆጠረው ስክሪፕቱ ካለበት ፎልደር ሳይሆን ሲነሳ ከቆመበት ፎልደር ነው። ተርሚናል ላይ የፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ሆነው ስላስነሱት አገኘው። ሲስተምዲ ግን ሌላ ቦታ ካልተነገረው የሲስተም ሰርቪስን የሚያስነሳው ከ«/» ነው።

በግምት አይነካኩት። ስክሪፕቱ አናት ላይ የቆመበትን ፎልደር የሚያሳየውን የፒደብሊውዲን ትእዛዝ ያስገቡና በጆርናልሲቲኤል፣ የሲስተምዲን መዝገብ በሚያሳየው ትእዛዝ፣ ሎጉን ይዩ። «/» ብቻ ከወጣ ነገሩ ተገኘ። ከዚያ ሰርቪስ ፋይሉ ላይ «ዎርኪንግ ዳይሬክተሪ» የሚለውን መስመር በሙሉ ፓዝ ይሙሉት። አለዚያም ስክሪፕቱ ራሱ መጀመሪያ በሲዲ ትእዛዝ ወደ ፎልደሩ ይግባ።

ሲዲን ከመረጡ እባክዎ ከጎኑ «|| ኤግዚት 1» (ካልተሳካ አቁም) የሚለውን ይጨምሩ። ይህቺን ነገር አደራ እላለሁ። ሲዲ ስላልተሳካ ብቻ ሼል አይቆምም፣ ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል። ቀጣዩ መስመር አሮጌ ሎጎችን የሚሰርዝ ከሆነ ያላሰቡት ፎልደር ይጠረጋል። ሰርቪሱ በሩት (ሁሉ በተፈቀደለት ተጠቃሚ) የሚነሳ ከሆነ ደግሞ የሚያግደው የለም።

በክሮን (ሥራን በተወሰነለት ሰዓት በሚያስነሳው ፕሮግራም) ሳስነሳው ፕሮግራሙን ጭራሽ አላገኘሁትም ይላል።

ክሮን ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ጥቂት ናቸው፤ ብዙ ጊዜ /ዩኤስአር/ቢን እና /ቢን ብቻ። የእርስዎ ፕሮግራም /ዩኤስአር/ሎካል/ቢን ውስጥ ከሆነ አያየውም። ሙሉ ፓዙን ይጻፉለት።

/ቫር/ረን ውስጥ ለፒአይዲ ፋይል (የሰርቪሱ መለያ ቁጥር ለሚጻፍበት ፋይል) ፎልደር ፈጠርኩ። ማሽኑ ሪስታርት ባደረገ ቁጥር ይጠፋል።

አዳዲሶቹ ሊኑክሶች ላይ /ቫር/ረን ወደ /ረን የሚያመራ ሊንክ ነው፤ /ረን ደግሞ ሚሞሪ ላይ ያለ ነው። ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሰርቪስ ፋይሉ ላይ «ረንታይም ዳይሬክተሪ» ብለው የፎልደሩን ስም ብቻ ይስጡት፤ ሰርቪሱ በተነሳ ቁጥር ሲስተምዲ ይፈጥርልዎታል፣ ባለቤትነቱንም ያስተካክላል።

ፓዙን ከስክሪፕቱ ኮፒ አድርጌ ተርሚናል ላይ ሳየው ፎልደሩ አለ። ስክሪፕቱ ግን የለም ይለኛል። ላብድ ነው!

ስክሪፕቱን ዊንዶውስ ላይ ጽፈውት ይሆን? ዊንዶውስ በየመስመሩ መጨረሻ በዓይን የማይታይ ምልክት ይጨምራል። ያ ምልክት ከፓዙ ጋር ይጣበቅና ሼል ሌላ ስም አድርጎ ያነበዋል። ኮፒ ሲያደርጉት ስለማይከተል ነው ተርሚናል ላይ የሠራው። ፋይሉን ይህን ምልክት በሚያስወግደው የዶስቱዩኒክስ ትእዛዝ አጽድተው እንደገና ያስነሱት።