ውጭ ማስተርስ ለጠየቅሽው እህት፦ ከሬጅስትራር ጀምሪ

ሰላም እህቴ። የታሪክ ዲግሪ እንዳለሽ፣ ባሕር ዳር እንደምትኖሪ ጽፈሽ «ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ፌሎሺፕ ጠቁሙኝ፣ ሞቲቬሽን ሌተሬንም አርሙልኝ» ብለሻል። እኔም ታሪክ ነው ያጠናሁት፣ ያለሽበትን አውቀዋለሁ።

1. ሌተሩን ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ ኮስት ሼሪንግሽን፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲውን የወጪ መጋራት ዕዳ፣ ከፍለሽ ጨርሺ። አለዚያ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይታሰብም።

2. ስምሽን ፓስፖርትሽና ትራንስክሪፕትሽ ላይ ፊደል በፊደል አስተያዪ። የአያቴ ስም በእንግሊዝኛ አንዱ ላይ አንድ ኤስ፣ ሌላው ላይ ሁለት ኤስ ነበረው። ለዚች ለአንዲት ፊደል ያየሁት አበሳ! የተማርኩበትን ግቢ ስም አልጠራም። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላም አላየችኝ። «ሲስተም የለም፣ ነገ ና።» ነገ ስሄድ ስብሰባ ናቸው። ሌላ ቀን ፈራሚው ፊልድ ወጥቷል። ጭራሽ አንዴ «ታሪክ ተምረህ ውጭ ምን ልትሠራ ነው?» አለችኝ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ትራንስክሪፕቱ ሲወጣ ማመልከቻው ተዘግቷል። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በዓመቱ ግን በዚያው በታሪክ ኤራስመስ ሙንዱስ የሚባለውን የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ አገኘሁ። ይቺን እንኳ ጉራ ልንዛ፣ አይፈረድብኝም።

ኤራስመስ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፣ የትምህርት ክፍያም ይሸፍናል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞቹ ማመልከቻ የሚቀበሉት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቼቭኒንግ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ ስትጨርሺም ለ2 ዓመት አገርሽ መመለስ ግዴታ ነው። የጀርመኑ ስኮላርሺፕ ሰጪ ዳአድ (DAAD) በብዙ ፕሮግራሞቹ ከተመረቀ 6 ዓመት ያለፈውን አይቀበልም። «እናስገባልሻለን» ለሚል ኤጀንት አምስት ሳንቲም እንዳትሰጪ።

3. የሌተርሽ ርዕስ። «ታሪክ ከልጅነቴ እወዳለሁ» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል። ጣና ደጃፍሽ ላይ ነው እኮ! ኤርንስት ሐመርሽሚት የሚባል የሐምቡርግ ፕሮፌሰር የሐይቁን ገዳማት ብራናዎች ፎቶ አንስቶ ካታሎግ አውጥቶላቸዋል። እኛ ዘጌ የምንሻገረው ለሽርሽር ነው። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አያስገባም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትገቢያለሽ። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ያለው ሂል ሙዚየም (HMML) ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በኢንተርኔት በነጻ ያስነብባል።

4. ሪኮመንዴሽን በስምሽ ከሚያውቅሽ መምህር ብቻ።

ሌተሩን እኔ አርምልሻለሁ፣ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። የኮስት ሼሪንግ ደረሰኙን ከያዝሽ በኋላ ግን።