ስለ በለዘ ጥርስና ስለምንጠጣው ውሃ

ውድ ልጆቼ፣

በአዳማና በአካባቢዋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጥርስ ሳክም ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሕክምና የምትማሩ ወጣቶች ስለ ብርቅ በሽታዎች ስትጠይቁኝ እኔ የማነሣላችሁ በየሰፈራችን የምናየውን የበለዘ ጥርስ ነው፤ እርሱን ያህል ያስተማረኝ ሕመም የለምና።

ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ከወንጂ የሸንኮራ እርሻ መንደር አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ መጣች። የምትናገረው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። የፊት ጥርሶቿ ላይ፣ በነጣ ያሉ ጠቃጠቆዎች መሐል፣ አግድም የተሰመረ ቡናማ መስመር አየሁና ምንም ሳልጠይቅ «ጥርስሽን አትፍቂም ማለት ነው» ብዬ ተቆጣኋት። በሁለተኛው ወር እናቷ ይዛት ስትመጣ ድዷ ቆሳስሏል፤ ለካ ከሰል አድቅቃ ከአሸዋ ጋር እየቀላቀለች ጠዋት ማታ ስትፈትገው ከርማ ኖሯል። መስመሩ ግን እንዳለ ነው። ያን ቀን የተሰማኝ ኀፍረት እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

እናትየዋ ስታስረዳኝ ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ፤ የእርሷ ጥርስ እንደ ወተት ነጭ ነው። ያደገችው ከምባታ ደጋ ላይ ሲሆን፣ ወንጂ የመጣችው ባሏን ተከትላ፣ አካለ መጠን ካደረሰች በኋላ ነው። ወንጂ የተወለዱት አራት ልጆቿ ግን ሁሉም ጥርሳቸው በልዟል። በአንድ ቤት አንድ ማዕድ እየቆረሱ፣ ከአንድ ጉድጓድ እየጠጡ፣ እናት ነጭ ልጆች ቡናማ የሆኑበት ምክንያት ጥርስ የሚሠራበት ጊዜ ነው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገር እያሟሟ ይወጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በወንጂ ከ10 በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች ነበሩ። የፊት ቋሚ ጥርሶች ልባስ የሚሠራው እስከ ስምንት ዓመት ግድም ድረስ፣ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ነው። በዚያ ጊዜ በፍሎራይድ ብዛት የተበላሸውን በኋላ የሚያጥበው መፋቂያ የለም፤ ከዚያ ዕድሜ በኋላ የመጣንም ሰው ውሃው ጥርሱን አያበልዘውም።

ይህንኑ ከእኛ እጅግ ቀድሞ ያስተዋለ የጥርስ ሐኪም ነበር። ፍሬድሪክ ማኬይ እ.ኤ.አ. በ1901 አሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሥራ ሲጀምር የአገሬው ተወላጆች ጥርስ በልዞ አገኘው፤ መንስኤው ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው ግን በ1931 ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድን ጥያቄ ይዞ የቆየ ሰው ነውና ሁልጊዜ አከብረዋለሁ። የበለዘው ጥርስ በቀላሉ እንደማይቦረቦርም ያየው እርሱ ነበር፤ ዛሬ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ጥቂት ፍሎራይድ የሚገባው ከዚያ በመነጨ ዕውቀት ነው። አንድ ንጥረ ነገር በመጠኑ ጠባቂ፣ ሲበዛ ጎጂ መሆኑ ዛሬም ይደንቀኛል።

የልጅቷን አባት ያየሁት ዘግይቼ ነው። ከኋላው ስጠራው አንገቱን ሳይሆን መላ ሰውነቱን አዞረ። አገጩን ደረቱ ላይ እንዲያሳርፍ ብጠይቀው አልቻለም፤ ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን ወደ መሬት ሲሰድ ጉልበቱ ላይ ቀሩ። ጥርሱ ነጭ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ከጠጣው ውሃ የገባው ፍሎራይድ ግን አጥንቱ ውስጥ ተከማችቶ የጀርባውን አንጓዎች አደንድኗል። እርሱ «የወገብ ብርድ ነው» እያለ ዓመታት አሳልፎ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማችሁ የሕመም ማስታገሻ ከመጻፋችሁ በፊት የት እንደኖረና ከየት እንደሚቀዳ ጠይቁት።

በቤታችሁም ይህን ያዙ። ውሃ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን የቀረው ይወፍራል። የአዳማ ዋና የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ተጠልፎ የሚጣራ በመሆኑ ከእነዚያ ጉድጓዶች እጅግ ይሻላል፤ በገጠር ላሉ ዘመዶቻችሁ፣ በተለይ ሕፃናት ላሏቸው፣ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ይረዳቸዋል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የጥርስ ሳሙናው የሩዝ ፍሬ፣ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል፤ እንዲተፋውም አስተምሩት።

የበለዘ ጥርስ በጥርስ ቀለም በተሠራ ሙሌት ሊሸፈን ይችላል። ያቺ ልጅ ሠርጓ ሲቃረብ ተመልሳ መጣች፤ አራቱን የፊት ጥርሶቿን ሠራሁላትና መስታወት ሰጠኋት።